የሚዛኑ መርፌ

ኤልደን ኔስ ቀናተኛ ሰው አልነበረም፤ ቢያንስ እሱ ስለ ራሱ የሚያውቀው እንደዚያ ነበር። የጎረቤቱ ስንዴ ከሱ ስንዴ ሲልቅ «ዝናቡ ወደሱ አደላ» ብሎ ያልፋል። ወንድሙ አዲስ ትራክተር የገዛ ጊዜም ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ ጎማውን በጫማው መታ መታ አድርጎ፣ «ይባረክልህ» ብሎት ወደ ቤቱ ገብቶ እንቅልፉን ተኝቷል። ቅናት የገባበት በአርባ ሰባት ዓመቱ፣ በረዶው ቀልጦ ፍልፈሎቹ ከየጉድጓዳቸው ብቅ ብቅ ማለት በጀመሩበት ሰሞን፣ በአንዲት ቃል ሰበብ ነው። ቃሏም «ጎበዝ» የምትል ናት።

የተናገሯት ሃልቮር ብራተን ነበሩ። ሃልቮር ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላቸው፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። ሚልክ በሚባለው ወንዝ ዳር ከሚያርሰው ሕዝብ ሁሉ የተተኮሰ ቀለህ በእጅ እየሞላ መልሶ ጥይት በማድረግ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ዘመድ ሆነም አልሆነም አገሩ ሁሉ «አጎት ሃልቮር» ነው የሚላቸው። ኤልደን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋራዣቸው አልቀረም። ባዶ ቀለህ ማጽዳት፣ ቂጡ ላይ ማቀጣጠያዋን መግጠም፣ ባሩዱን በሚዛን መስፈር፣ አረሩን በልኩ መሰካት፣ ሁሉንም የተማረው ከሳቸው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሽማግሌው ከአፋቸው ያወጡለት ትልቁ ምስጋና «ይሁን» የሚል ነበር። አረሮቹ ወረቀት ላይ በአንድ ቀዳዳ ሲያልፉ አይተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው፣ «ይሁን» ይላሉ። ኤልደን በዚያች «ይሁን» ሳምንቱን ይከርማል። የገዛ አባቱ እንኳ ያቺን ታህል ሳይሉት ነው የሞቱት።

ኮሪን ላፍሮምቦይዝ የመጣችው በዚያው ሰሞን፣ በሚያዝያ ነው። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቷ፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ እየነዳች የምትኖር የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ከሃልቮር ጎን ያለውን የአልፋልፋ መኖ መስክ ተከራይታ፣ ፍልፈሎቹ ግማሹን ከሥሩ በልተው አራቆቱባት። አንዷ ፈረሷም እግሯ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተሰብራ ተገደለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

«አጎት ሃልቮር፣ መርዝ መበተን አልፈልግም፤ ውሻ አለኝ። መተኮስ ያስተምሩኝ።»

«መተኮስ ማንም ያስተምርሻል። ጥይት መሙላትስ ትፈልጊያለሽ?»

«ከሱ ነው የሚጀመረው?»

«ከሱ ነው።»

ከፊቷ አንድ ቆርቆሮ ባዶ ቀለህ ደፉላትና «መጥፎውን ከደጉ ለይ» አሏት። ቀለሆቹን ባለፈው ሳምንት ያጸዳቸውና «ደህና ናቸው» ያለው ኤልደን ነበር። ምን ታገኛለች ብሎ ከአንገት በላይ ፈገግ አለ። ኮሪን አንድ በአንድ እያነሳች፣ በመስኮቱ ብርሃን እያዞረች፣ ጥፍሯን በአፋቸው ዙሪያ እያስኬደች አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። በመጨረሻ አንዷን ለብቻ አወጣች።

«ይቺ አፏ ላይ የሆነ ነገር አላት። ዓይኔ አያየውም፤ ጥፍሬ ግን ይሰማዋል።»

ሃልቮር ቀለሁን ተቀብለው በማጉያ መነጽር አዩ። ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረበት። ቀና ብለው «ጎበዝ!» አሉ። «ጎበዝ፣ ልጄ!»

ኤልደን ጆሮው ጋለ። በእጁ የያዘውን ብሩሽ መልሶ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው። ሽማግሌው ወደሱ ዞረው «አየህ? አልፎህ ነበር» ሲሉት፣ «ማሽኑ ይሆናል» አለ። ምን ማሽን እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ማታ ለሚስቱ ለማርቪስ ሲነግራት፣ ድንች እየላጠች ሰማችው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ልጄ ብለውኝ አያውቁም።»

«ለሳቸው ልጅ ልትሆን ነበር እንዴ ሃሳብህ? እኔ እኮ ፍልፈል ልትገድል የምትሄድ መስሎኝ።»

ኤልደን አልሳቀም። ነገሩ ከሆዱ ገብቶ እንደ ቅንቅን ይበላው ጀመር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሃልቮር «አንተ ውሰዳትና ጠመንጃ ምረጥላት፤ ዓይንህን አምነዋለሁ» አሉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ክንፍ ባወጣ ነበር። አሁን ግን የሰማው ምርጫው ለማን እንደሆነ ብቻ ነው።

ከተማው ውስጥ የኦቲስ ሱቅ አለ። ኦቲስ ሁለት ያገለገሉ ጠመንጃዎች ባንኮኒው ላይ አጋደመላቸው። አንደኛው ከባድ ነው፤ አፈሙዙ ወፍራም፣ ሰደፉ ጭረት በጭረት የሆነ፣ ሲያዩት የማያምር። ሁለተኛዋ ሆርኔት የሚሏት ናት። ቀላል፣ የዋልኑት እንጨት ሰደፏ የሚያበራ፣ ጥይቷ የልጅ ጣት የምታህል። ኤልደን ሳይነካቸው መልሱን ያውቀዋል። የኮሪን መስክ ከአጥር አጥር ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ ነው፤ ነፋስም እዚያ አገር ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ቀላሏን አረር ነፋስ ይወስዳታል። የሆርኔት ቀለህ ደግሞ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ሲሞሉት ይታጠፋል። የሚጎርሰው ባሩድ ትንሽ ስለሆነም ቅንጣት ስህተት ትልቅ ጥፋት ነው። ስንቱ ሰው ተራግሞ ሸጧታል።

«የትኛው ይሻለኛል?» አለችው ኮሪን።

«ትንሿን ውሰጂ። አትራገጥም፤ ድምጿም ፈረሶችሽን አያስደነብርም። ባሩድ ቆጣቢ ናት።»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ክፋቱ ያልተናገረው ላይ ነው።

ኮሪን ግን ዓይኑን እያየች ደገመችው። «አንተ ብትሆን የትኛውን ትገዛ ነበር?»

«ትንሿን» አለ ኤልደን።

ኦቲስ ቀና ብሎ አየው፤ ነገር ግን ነጋዴ ነውና ዝም አለ።

ሃልቮር ጠመንጃዋን ሲያዩ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። «ሆርኔት?» አሉ ወደ ኤልደን ዞረው።

«ወደደቻት» አለ ኤልደን። ይህ ሁለተኛው ውሸት ነበር፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለው።

«እንግዲህ ሆርኔት ትዕግሥት ትፈልጋለች» አሉ ሽማግሌው።

ትዕግሥት ደግሞ ኮሪን ነበራት። አውቶቡሷን አቁማ ትመጣና ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ጋራዡ ውስጥ ትውላለች። ቀለሆቹን በክብደት ለየቻቸው። የታጠፈባትን ትጥላለች እንጂ አታቃናም። የባሩዱን መጠን ጥቂት ጥቂት ከፍ እያደረገች አምስት አምስት ጥይት ሞልታ ትሞክራለች፤ የመታችበትን ወረቀት ቀን ጽፋ ግድግዳው ላይ ትሰቅላለች። ኤልደን ወረቀቶቹን ሲገባ አያያቸውም፤ ሲወጣ ግን አንድ በአንድ ያያቸዋል። ቀዳዳዎቹ ከሳምንት ሳምንት እየተቀራረቡ ሄዱ።

በግንቦት መጀመሪያ ቅዳሜ ሃልቮር መቶ እርምጃ ላይ ሁለት ወረቀት አቆሙ። ኤልደን በራሱ ጠመንጃ አምስት ተኮሰ፤ ጥሩ ነበር፣ የሃያ አምስት ሳንቲም ፍራንክ አምስቱን ቀዳዳ ይሸፍናል። ኮሪን በሆርኔቷ አምስት ተኮሰች። ሃልቮር ወረቀቱን ይዘው ረጅም ጊዜ ቆሙና ከኪሳቸው አምስት ሳንቲም አውጥተው አስቀመጡበት። ሳንቲሟ ሁሉንም ቀዳዳ ሸፈነች፤ ተርፋም ነበር።

«በዕድሜዬ ሆርኔት እንዲህ ስትተኩስ አላየሁም» አሉ።

«ጠመንጃዋ ጥሩ ናት። ኤልደን ነው የመረጠልኝ» አለች ኮሪን።

ኤልደን «እንኳን ደስ አለሽ» አለና ጀርባውን ሰጥቶ ጠመንጃውን መወልወል ጀመረ። ያ አልበቃ ብሎ፣ ሃልቮር ከመሳቢያቸው ጥቁር ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ። የአርባ ዓመት ልምዳቸው፣ የትኛው ባሩድ ከየትኛው አረር ጋር ስንት እንደሚሰፈር፣ በእጃቸው የተጻፈው እዚያ ነው። ኤልደን ያንን ደብተር ከትከሻቸው በላይ ነበር የሚያነበው፤ ቤቱ ወስዶት አያውቅም።

«ውሰጂው ልጄ። አንብበሽ ትመልሺዋለሽ» አሏት።

በዚያ ቀን ኤልደን ቤቱ ሲደርስ በሩን እንዴት እንደዘጋው ማርቪስ ሰምታ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ሰጧት?» አለችው።

ነገሩ የሆነው በሚቀጥለው ረቡዕ ነው። ኤልደን ከሰዓት በኋላ ለማጠሪያ የሚሆን ሽቦ ሊዋስ ሃልቮር ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ቤት ውስጥ አረፍ ብለዋል፤ ኮሪን ብቻዋን ጋራዡ ውስጥ ሃምሳ ጥይት ልትሞላ ተሰናድታለች።

«በሰዓቱ መጣህ» አለችው። «ሚዛኑን አሁን አስተካክዬዋለሁ። ውሃ ጠጥቼ ልምጣ፤ ውሻዬ ምንም እንዳይነካብኝ እየው።»

ወጣች። ኤልደን ሽቦውን ከላይኛው መደርደሪያ ሊያወርድ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራራ፤ ክርኑ የሚዛኑን እግር ገፋው። ሚዛኑ ከስሩ ካለችው ጠፍጣፋ ብረት ግማሽ ወርዶ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየው። ሳህኑ ባዶ ነው፤ ባዶ ሲሆን ከሳህኑ ማዶ በሌላው ጫፍ ያለው መርፌ ልክ መስመሩ ላይ መቆም ነበረበት። አሁን ከመስመሩ በታች ቆሟል። ጥቂት ነው፤ የማያውቅ ሰው አያየውም።

እጁን ሊያስተካክለው ሰደደ። በዚሁ ጊዜ ኮሪን እጇን በሱሪዋ እየጠረገች ገባች።

«ሳልነግርህ! አጎት ሃልቮር ዛሬ ማታ ወጥተን አብረን እንተኩሳለን አሉኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ጠመንጃ አልነኩም አይደል? ያንቺ ጥይት ከሆነ እተኩሳለሁ አሉኝ።»

ኤልደን እጁን መለሰ። አምስት ዓመት ሙሉ ስንቴ ለምኗቸዋል። «ዓይኔ ደክሟል፣ ትከሻዬ አልቻለም» ነበር መልሳቸው። የሱ ጥይት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ እያለ።

«ጥሩ ነው» አለ። በሆዱም እንዲህ ሲል አሰበ፤ መርፌው ወርዷል፣ ስለዚህ ባሩዱ ያንሳል፣ አረሩ ዝቅ ብሎ አፈር ይመታል። ሽማግሌው አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ ይስታሉ። ያኔ የማን እጅ እንደሚታመን ይታያል። ሽቦውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ከኋላው ባሩዱ ሳህኑ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማዋል።

እራት በጊዜ ነበር የሚበሉት። ፀሐይ ገና ከፍ ብላለች። ማርቪስ የተጠበሰ ሥጋና ድንች አቀረበች፤ ኤልደን ቢላዋውን በጣቱ ላይ አጋድሞ ዝም ብሎ ያመዛዝናል። እጀታው ወደ ታች ሲያዘነብል፣ በስለቱ በኩል ጥቂት ድንች ጫነበትና ቀጥ አደረገው። ከዚያ ደግሞ ተመለከተው። መርፌው ከመስመሩ በታች ከሆነ፣ ወደ መስመሩ ለማምጣት ሳህኑ ላይ መጨመር ነው የሚያስፈልገው። መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለም። ባሩዱ አላነሰም። በዝቷል። ያውም በሆርኔት፣ በዚያች ስስ ቀለህ።

ቢላዋው ወደቀ።

«ምነው?» አለች ማርቪስ።

ስልኩን አንስቶ ደወለ። ሃልቮር ቤት ይጠራል፤ ማንም አያነሳም። ኮሪን ቤት ይጠራል፤ ማንም አያነሳም። ኮፍያውን ሳያደርግ ወደ ፒካፑ ሮጠ።

ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ግማሹ ላይ በመስኮቱ የመጀመሪያውን ተኩስ ሰማ፤ የተለመደ ድምፅ ነበር ወይስ አልነበረም፣ አላወቀውም። ሁለተኛውን ግን አወቀው። ሹል ሆኖ፣ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ አልተተኮሰም።

ሲደርስ ሃልቮር ሳሩ ላይ ተቀምጠው ኮሪን በስካርፏ ፊታቸውን ትጠርጋለች። የማቀጣጠያዋ ቆብ ተበስታ እሳቱ ወደ ኋላ ወጥቷል። የቀኝ ጉንጫቸው በጥቁር ነጥብ ተነቅሷል፤ ይደማልም። የመነጽራቸው አንድ መስታወት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ዓይናቸውን ያተረፈላቸው እሱ ነው። የሆርኔቷ መቀርቀሪያ ተቸክሎ አልከፈት ብሏል።

«ሁለት ሁለቴ ነው የመዘንኩት!» ትላለች ኮሪን እያለቀሰች። «አንዷን እንኳ ሳልደግም አላለፍኩም! የመጀመሪያዋን ሲተኩሱ መቀርቀሪያው ጠንክሮባቸው ነበር፤ ያኔ ማስቆም ነበረብኝ!»

«አንቺ አይደለሽም» አሉ ሃልቮር። የተሰነጠቀውን መነጽራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ከኔ ደብተር ነው ያነበብሽው። ቁጥሩን እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ኤልደን አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው» የሚል ነበር።

ሐኪሙ ጉንጫቸውን አጽድቶ ዓይናቸው እንዳልተጎዳ ነገራቸው። ኤልደን ነድቶ መለሳቸው። ቤታቸው በር ላይ ሃልቮር ደብተራቸውን ከኮሪን እጅ ተቀብለው የሆርኔትን ገጽ ፈለጉ፤ ቁጥሩን በእርሳስ ሰረዙት። ከዚያ ደብተሩን ለኤልደን ዘረጉለት።

«አንተ ያዘው። እኔ ከዚህ በኋላ የምታመን አይደለሁም። እሷም ፈርታለች። ሥራው ላንተ ነው።»

ኤልደን ተቀበለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመኘው ነገር በእጁ ገባ፤ ማንም አልጠረጠረውም፣ ማንም አልጠየቀውም። ሚዛኑንም በማግስቱ ሄዶ ወደ ቦታው መለሰው።

አሥራ አንድ ቀን ቻለ። የኮሪንን መስክ ከቤቱ በረንዳ በሩቅ ማያ መነጽር ያየዋል። ፍልፈሎቹ ተመልሰው በየጉድጓዳቸው አፍ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ሆርኔቷን ሳጥን ውስጥ ቆልፋባታለች። በስድስተኛው ቀን መርዝ የነካ ገብስ በየጉድጓዱ ስትጨምር አያት። ውሻዋን በሰንሰለት አስራው ቀኑን ሙሉ ያላዝናል፤ ነፋሱ ድምፁን እነ ኤልደን ወጥ ቤት ድረስ ያመጣዋል። ማርቪስ ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለች። የውሻውንስ በቻለው ነበር። ያልቻለው የሽማግሌውን ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ደብተሩን ይዞ ሲሄድ ጋራዡ ተቆልፏል። ሃልቮር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ስም እቆጥራለሁ» አሉት። «አንደኛ ክፍል አብረውኝ የተማሩትን። አሥራ አራት ነበርን። አሥራ ሦስት አገኘሁ።»

ኤልደን ወደ ፒካፑ ተመለሰ። በሩን ከፈተ፤ አልገባም። ዘጋውና ተመልሶ በረንዳው ሥር ቆመ።

«አጎት ሃልቮር፣ ደብተሩ ልክ ነው። ሚዛኑን በክርኔ የገፋሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው የገፋሁት። ግን አይቼዋለሁ። መርፌው ከመስመሩ በታች ነበር፤ አየሁትና ዝም አልኩ። ባሩዱ የሚያንስ መስሎኝ ነበር። እርስዎ እንዲስቱ፣ እሷ እንድታፍር ፈልጌ ነበር።»

ሽማግሌው ወደሱ ጎንበስ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቁጥሬ ልክ ነበር?» አሉ።

«ልክ ነበር።»

«ድገምልኝ።»

«ቁጥሩ ልክ ነበር።»

ሃልቮር ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ኤልደን የሚያለቅሱ መሰለው። ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው ደርቋል፤ ጉንጫቸው ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀልቷል።

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጭንቅላቴ ያለቀለት መስሎኝ፣ ጠዋት ስነሳ የሚስቴን ስም እየጠራሁ ራሴን እፈትን ነበር። ሰማህ? የሚስቴን ስም! ዓይኔን ብታጠፋው ይሻለኝ ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

«ደብተሩን አምጣ።» ሰጣቸው። «አሁን ሂድና ለሷ ንገራት። ከኔ አትስማው፤ ካንተ አፍ ትስማው።»

ኮሪን አጥሯን እየጠገነች ነበር። መዶሻውን እንደያዘች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ጠመንጃዋንስ? ስትመርጥልኝስ?»

ኤልደን መሬት መሬት አየ። «እሷንም አውቄ ነው።»

«አውቃለሁ። ኦቲስ በዚያው ሳምንት ነግሮኛል፤ መልሺና ከባዱን ውሰጂ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልመለስሽም?»

«በሷው አሸንፌ ላሳይህ ብዬ ነዋ!» አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «እኔን ብቻ ብትነካኝ እስቅብህ ነበር። ሰውየው ዓይናቸው ቢጠፋ ግን በዚህ ሽቦ ነበር የማንቅህ።» መዶሻውን ጣለችው። «አርባ ስምንት ጥይት ሳጥን ውስጥ ቀርቷል። እኔ አልነካውም። ነገ መጥተህ አንድ በአንድ አረሩን ትነቅላለህ፤ እኔም ቁጭ ብዬ አይሃለሁ።»

በማግስቱ ጋራዡ ተከፈተ። ኤልደን መዶሻ የሚመስለውን የአረር መንቀያ ይዞ ተቀመጠ፤ ኮሪን በስተግራው፣ ሃልቮር በስተቀኙ። ጥይቷን መንቀያው ውስጥ ይገጥምና ጠረጴዛው ላይ ይመታታል፤ አረሩ ይወጣል፣ ባሩዱ ሳህኑ ላይ ይፈስሳል፣ ይመዝነዋል፤ ሃልቮር ይጽፋሉ። የመጀመሪያዋ ከልኩ በላይ ሆነች። ሁለተኛዋም በዚያው ልክ። ሦስተኛዋም በዚያው። ሠላሳኛዋ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው እርሳሳቸውን አስቀምጠው መሳቅ ጀመሩ።

«አየህ ኤልደን? ሠላሳ ጥይት፣ የፀጉር ልዩነት የለም! ሚዛኑ ዋሽቷታል፤ እጇ ግን አልዋሸም። እኔ በሷ ዕድሜ እንዲህ አልሰፈርኩም።»

ያኔ ኤልደን ደረቱ ውስጥ ያቺው ነገር ስትነክሰው ተሰማው። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በጥፋቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያለ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ነከሰችው። መንቀያውን አስቀመጠ።

«አሁንም ቀናሁ» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ ሃልቮር።

«አሁን። ይህን ሲሉ ቀናሁ። እንዳልደብቀው ብዬ ነው።»

ኮሪን ሳታስበው ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሃልቮር አልሳቁም። እርሳሳቸውን አንስተው «ቀጥል። አሥራ ስምንት ይቀርሃል» አሉት።

ሃልቮር ከዚያ በኋላ ጋራዡን አልዘጉበትም፤ ነገር ግን ወንበሩን ከጠረጴዛው አንስተው በሩ አጠገብ አደረጉት። ሚዛኑ ጋ እንዲደርስ አልፈቀዱለትም፣ እሱም አልጠየቀም። ኮሪን የሆርኔቷን መቀርቀሪያ አሠርታ፣ ገብሱን ከየጉድጓዱ ለቅማ፣ ውሻዋን ፈታች። በሰኔ መስኳ አረንጓዴ ሆነ። ደብተሩ እሷ ዘንድ ነው ያለው፤ በተሰረዘው ቁጥር ጎን ሃልቮር ያንኑ ቁጥር መልሰው ጽፈውታል፣ በቀለም።

ኤልደን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን አልተወም። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ባዶ ቀለህ ያጸዳል፤ እያንዳንዱን በጥፍሩ ዙሪያውን ይዳስሰዋል። አንዳንድ ቀን ተጫውቶ ይመለሳል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምራቁን እየዋጠ። ማርቪስ የፒካፑን ድምፅ ስትሰማ በወጥ ቤቱ መስኮት አንገቷን ታወጣለች።

«ዛሬስ ስንቴ ቀናህ?»

«ዛሬ ሁለቴ» ይላታል፤ ኮፍያውን ሰቅሎ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል።